ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 31 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አንዲት ስቱዲዮ ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜ ሲቃረብ ደብተር አውጥቼ የሚመጣውን ዓመት ዕቅድ እጽፋለሁ። የዘንድሮውን ሰሞኑን ገልጬ አየሁት። ስድስት ነገር ነበር የጻፍኩት። 100 ሺህ ብር መቆጠብ፣ ማስተርስ መጀመር፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ የእናቴን ቤት ጣሪያ ማስቀየር፣ ወንድሜን ዩኒቨርሲቲ ማስገባት። ስድስተኛውን አልጽፈውም፣ ያውቁታል።

አንዱም አልተሳካም። ቁጠባዬ 38 ሺህ ደርሶ ነበር። የካቲት ላይ እናቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አስፈለጋትና አለቀ። እሷ አሁን ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። ለማስተርሱ ፈተናውን እንኳ ሳልቀመጥ ቀረሁ። የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና አልፌ ተግባሩን ወደቅኩ። ጣሪያው እንዳለ ነው። ወንድሜ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት እየጠበቀ ነው፣ እኔ ግን ተስፋ የለኝም። ከጥር ጀምሮ የገባሁበት ዕቁብ አለ፣ 20 ሰው ነን፣ በወር 3 ሺህ። ዕጣዬ አልወጣም። አከራዬ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ 9 ሺሁን 12 ሺህ አድርጊው ብሎኛል። ሚያዝያ ላይ የልብ ጓደኛዬ ስታገባ ሚዜ ሁኚ አለችኝ። ለቀሚሱ ገንዘብ ስላልነበረኝ ሥራ በዛብኝ ብዬ ሠርጓም ላይ ሳልገኝ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ደውዬላት አላውቅም።

ለእንቁጣጣሽ ሁሌ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ግን አክስቶቼ ተሰብስበው ‹ዘንድሮስ?› ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። ሥራ አለብኝ ብዬ ልቅር? ዕቅድ የሚባለውንስ ከነጭራሹ ልተወው? ባዶ ዓመት ነኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ ነው። ስድስቱን ነገር ትቼ አንድ ቦታ ላይ አሰመርኩ። «እሷ አሁን ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች» የምትለው ላይ።

ይህቺን እንዴት አድርገሽ እንደጻፍሻት ልብ በይ። ገንዘቡ አለቀ ካልሽ በኋላ፣ ለእኔ ለአንባቢው እንዳልጨነቅ ብለሽ ጣል ያደረግሻት ነው የምትመስለው። ቀጥለሽ ወደ ማስተርሱ ሄድሽ። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ «38 ሺህ ብር አለቀ» ብሎ የሚያቀርብልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ? የወጪ ማዘዣው ላይ እኮ የክፍያው ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ያንን ሳይሞላ ቢያመጣልሽ አትፈርሚለትም። የራስሽን ግን ባዶውን ፈረምሽበት። የክፍያው ምክንያት፦ እናት። በቃ፣ ይኸው ተሞላ።

በደብተርሽ ላይ ስላልነበረ አልቆጠርሽውም። ጳጉሜ 2016 ላይ ደብተርሽን ስትከፍቺ የእናትሽን ሐሞት ማን አሰበው? ዓመቱ ሳያማክርሽ ትልቅ ሥራ አመጣብሽ፣ ሠራሽው፣ እናትሽ ተረፈች። ዝርዝሩ ይህን ስለማያውቅ ዜሮ ሰጠሽ።

ዜሮው ራሱ ደግሞ ስህተት አለበት፣ ልቆጣሽ ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ ስምንት ወር ነው። ስምንት ጊዜ 3 ሺህ 24 ሺህ ብር። ይህ ገንዘብ የት ሄደ? ዕቁቡ ውስጥ ተቀምጧል፣ የአንቺ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው። ከ38 ሺሁ ጋር ስትደምሪው ዘንድሮ ከደሞዝሽ 62 ሺህ ብር ነጥለሽ አስቀምጠሻል። 100 ሺህ አልሞላም፣ አውቃለሁ። ግን 62 ሺህን ዜሮ ብላ የምትጽፍ የሂሳብ ሠራተኛ እኔ ብሆን አልቀጥርም።

ስለ 100 ሺሁም አንድ ነገር ልበልሽ። ያንን ቁጥር ስትጽፊ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ገና አርባ ቀን ያህሉ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፣ ዛሬ ከ130 በላይ ነው። አንቺ በደብተርሽ ላይ ቁጥሩን አሰፈርሽ፣ ከቁጥሩ ሥር ያለው መሬት ግን ተንቀሳቀሰ። ዘይቱም፣ ታክሲውም፣ የቤት ኪራዩም አብሮ ሄደ። ይህ የአንቺ ስንፍና አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት በብር ቁጥር አትጻፊው። «ከደሞዜ ከአሥር ሁለቱን እጅ» ብለሽ ጻፊው። ደሞዝ ሲጨምር ይጨምራል፣ ወር ሲከብድሽ ደግሞ ቢያንስ የት ላይ እንደቆምሽ ታውቂያለሽ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዙር። እኛ አገር ዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያልቅ አስበሽው ታውቂያለሽ? ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። አንቺ ሰኔንና ሐምሌን እንቅልፍ አጥተሽ እንደከረምሽ ባትነግሪኝም አውቃለሁ። የትምህርቱም ዓመት እዚያው ሰኔ ላይ ያልቃል። ከዚያ ጳጉሜ አለች። ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚሠሩት ደግሞ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ይዘጋሉ። አንድ ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ «ምን ሠራህ?» ከተባለ አለመታመሙ ይገርማል። ከሦስቱ እኔ የምወዳት ጳጉሜን ነው። ደሞዝ አይከፈልባትም፣ ግን የቤት ኪራይም አይጠየቅባትም። አምስት ቀን ናት። ነገ ሩፋኤል ነው፣ ልጆች ዝናቡ ውስጥ ራቁታቸውን ይሮጣሉ፣ እናቶች የዝናቡን ውኃ ለበረከት ቡሆ ላይ ጠብ ያደርጋሉ። ወር ሳትሆን ወር የተባለች የትንፋሽ መውሰጃ ናት። አንቺ እሷንም የኦዲት ሳምንት አደረግሻት።

አትፍረጂብኝ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። የ1999 ጳጉሜን ልጅ ስለነበርሽ በደንብ አታስታውሺው ይሆናል። ሁለት ሺህ ሊገባ ነው ተብሎ ከተማው አብዷል። ቦሌ ላይ ለዚያች ሌሊት ተብሎ ትልቅ አዳራሽ ተሠርቷል። ሰው ሁሉ «በሚሊኒየሙ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላል። እኔ መምህር ነበርኩ። የዚያን ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። አንድ ቀን ተጨመረልኝ ብዬ ይመስለኛል፣ 11 ነገር ጻፍኩ። ጊታር መማር ሁሉ ነበረበት። ደብተሩን ከዓመታት በኋላ ዕቃ ስናዛውር አገኘሁት። ከ11ዱ የተሳካው አንድ ነው። ሲጋራ ማቆም። ዘጠኙን ሳያቸው ሳቄ መጣ። ለምን እንደፈለግኳቸው እንኳ ትዝ አላለኝም። ጊታር!

የመጨረሻው ግን አላሳቀኝም። «ከአጎቴ ጋር መታረቅ» ይላል። በውርስ ቤት ተጣልተን ነበር። ለመስቀል እሄዳለሁ አልኩ። ለገና አልኩ። ለፋሲካ አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ላይ እንደገና ጻፍኩት፣ እንደ ዞረ ሂሳብ። በ2003 ሞተ። ለቅሶው ላይ ከልጆቹ ጎን ተቀምጬ ያ ደብተር ነበር የሚታየኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕቅድ ስጽፍ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ይህ ነገር ይጠብቀኛል ወይስ አይጠብቀኝም? ማስተርስ ይጠብቃል። መንጃ ፈቃድ ይጠብቃል። ቆርቆሮም ዋጋው እየጨመረ ቢሆንም ይጠብቃል። ሰው ግን አይጠብቅም። የአንቺን ስድስት ነገሮች በዚህ ዓይን ሳያቸው፣ የማይጠብቀው ነገር ስድስቱ ውስጥ የለም። ከደብዳቤሽ መጨረሻ አካባቢ በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ያለፍሻት ጓደኛሽ ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሌላውን እንጨርስ።

ወንድምሽ። «ወንድሜን ዩኒቨርሲቲ ማስገባት» ብለሽ ነው የጻፍሽው። ፈተናው የእሱ ነው እኮ! ያንቺ ደብተር ላይ ምን ይሠራል? በ2016 ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2014 እና በ2015 ደግሞ ከ3 ከመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ያ ሁሉ ልጅ ታላቅ እህት ስላልነበረው አይደለም የወደቀው። አንቺ የራስሽን ዓመት ስኬት ሌላ ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሰቅለሽዋል። የአንቺ ድርሻ መጽሐፍ መግዛት፣ ማበረታታት፣ ሲደክመው መስማት ነው። ያንን ካደረግሽ የአንቺ መስመር ተዘግቷል። ውጤቱ ካልሆነ ሬሚዲያል አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ እንደገና መፈተን አለ። «ተስፋ የለኝም» ያልሽውን ግን እሱ ፊት እንዳትይው። ለበዓል ከሄድሽ ፊትሽን ነው የሚያነበው። ለእሱ አሁን ከውጤቱ በላይ የሚያስፈራው አንቺን ማሳፈሩ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ሳይወጣ «ምንም ይሁን ምን በኋላ ቁጭ ብለን እናወራለን» ብትይው፣ ከሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ አንዱን አሁኑኑ ፈጸምሽ ማለት ነው።

ዕቁቡ። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ያለው ጭንቀት ይገባኛል። ኑሮ በሚወደድበት ጊዜ ደግሞ መጨረሻ የሚደርሰው ይጎዳል፣ የዛሬ 60 ሺህና የዛሬ ዓመት 60 ሺህ አንድ አይደሉም። ዳኛውን አናግሪው። ዕጣ የወጣለትና ለጊዜው ገንዘቡ የማያስቸኩለው ሰው ካለ መቀያየር የተለመደ ነው። ግን እርግጠኛ የሆንሽበት ጉዳይ ሲኖርሽ ነው። ዝም ብሎ ባንክ ለማስቀመጥ ከሆነ ዕዳ አታብዢ፣ የሰው ውለታም አትግቢ።

አከራይሽን በተመለከተ ምክሬ ስሜት ላይ አይደለም፣ ወረቀት ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ። ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ኪራይ አከራይ በፈለገ ሰዓት ባሻው መጠን አይጨመርም። በዓመት አንዴ፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ባወጣው መጠን ነው። ቅድመ ክፍያም ቢሆን ከሁለት ወር አይበልጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ውልሽን አውጥተሽ እይው። ተመዝግቧል? መቼ ነው የሚያልቀው? ከዚያ ወረዳ ሄደሽ ጠይቂ። አከራይሽ ጋ ስትሄጂ በጩኸት አትጀምሪ። «ጋሼ» በዪው ወይም የምትዪውን በዪው፣ አዋጁን እንደምታውቂ በጨዋ ቋንቋ አሳውቂው። ብዙ አከራይ የሚሞክረው ተከራይ አያውቅም ብሎ ነው። እሱም ኑሮ ስለከበደው ሊሆን ይችላል፣ ያንን ስሚው፣ ግን 3 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ መጫን ሌላ ነገር ነው።

ማስተርሱን እንጃ። ደብዳቤሽ ውስጥ ምን መማር እንደምትፈልጊ አንድ ቃል የለም። የትምህርት ዘርፉ ስም እንኳ የለም። ሥራ ቦታ ሁሉም ስለያዘ ከሆነ ከዝርዝሩ ሰርዢው፣ ማንም አይከስሽም። የምር የምትፈልጊው ትምህርት ካለ ደግሞ «ማስተርስ መጀመር» አትበዪ። «የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው መቼ እንደሆነ አጣርቼ እመዘገባለሁ» በዪ። ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

የመንጃ ፈቃዱ ቀላል ነው። ግማሹን ጨርሰሻል። ደግመሽ ተፈተኚ። ሰው ሁሉ ተግባሩን አንዴ ይወድቃል፣ የማይናገረው ብቻ ነው የሚለየው።

ስድስተኛው። አውቀዋለሁ ካልሽ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የምመክርሽ ትንሽ ነው። ትዳር የዓመት ዕቅድ ላይ ከመንጃ ፈቃድ አጠገብ ሲጻፍ ደስ አይለኝም። የሚወሰነው በሁለት ሰው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ደብተርሽን አላነበበውም። መጻፍ ካለብሽ «ከቤት እወጣለሁ፣ ሰው አገኛለሁ» ብለሽ ጻፊ። ከጀሞ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ጀሞ ስትመላለሺ ከወያላው በስተቀር ማንን ታገኛለሽ?

አሁን ወደ አክስቶችሽ። «ዘንድሮስ?» ይላሉ። አዎ ይላሉ። እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ አሁንም እባላለሁ። ጥያቄው መርዝ አለው ብለሽ ነው የምትሰሚው። አንዳንዷ አክስት መርዝ አላት፣ አልክድሽም። አብዛኞቹ ግን ሌላ ወሬ ማንሻ ስለሌላቸው ነው። «ዘንድሮማ እናቴን አሳክሜ አዳንኩ» በያቸው። እናትሽ እዚያው ቡና እያፈላች ትሰማለች። ከዚህ በኋላ የምትጠይቅ አክስት ካለች ስሟን ላኪልኝ።

ሂጂ። ለመሄድ ሌላም ምክንያት አለሽ፣ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ጣሪያ ማስቀየር ብለሽ የጻፍሽው ከባድ የሆነብሽ ሙሉውን ስላሰብሽ ይመስለኛል። አንድ ቤት ሙሉ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ እንጨት፣ የአናጢ ቀን። ግን የትኛው ቆርቆሮ ነው የሚያፈሰው? ይህ የሚታወቀው በዝናብ ነው። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ብትሄጂ አናጢው «ሁሉም ይቀየር» ይልሻል፣ አንቺም የምትመልሺው የለሽም። አሁን ጳጉሜ ነው፣ ደብረ ብርሃን ይዘንባል። ባልዲና ድስት የተቀመጠበትን ቦታ ሁሉ ተመልከቺ፣ ኮርኒሱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ፣ ፎቶ አንሺ። ምናልባት አራት ቆርቆሮ ይሆናል። ምናልባት ስምንት። ይህ የዕቁብ ዕጣ የማይጠብቅ ሥራ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ወንድምሽ ከአናጢው ጋር ይቆማል፣ ውጤት እየጠበቀ ከሚብሰለሰል ለእሱም ይሻላል። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ረቡዕ ጠዋት ላምበረት ከመጨናነቁ በፊት ድረሺ። ከሰዓት ከሆነ ዋጋውም ሰልፉም ሌላ ነው።

ጓደኛሽ ቀረች።

ለምን እንዳልደወልሽ ይገባኛል። መጀመሪያ ቀሚሱ ነበር ያሳፈረሽ። ከዚያ ውሸቱ። ከዚያ የዝምታው ርዝመት። አሁን አምስት ወር ሊሞላው ነው፣ በየወሩ ስልኩ እየከበደ ሄዷል። እኔ በዚህ መንገድ አጎቴ ጋ ሦስት ዓመት ተጉዣለሁ። ግን የእኛ ሰው ለዚህ መላ አለው። መስከረም 1 ቀን ለማንም ሰው፣ ለተጣላሽውም፣ ለረሳሽውም፣ ያለ ምክንያት መደወል ይቻላል። «እንኳን አደረሰሽ» ማለት ማብራሪያ አይፈልግም። ሐሙስ ጠዋት ደውዪላት። ጽሑፍ አትላኪ፣ ያቺን አበባ ያለባትን ለሁሉም የሚላከውን ሥዕል በተለይ እንዳትልኪ። ድምፅሽን ትስማው። ቶሎ ባታነሳ ከሰዓት ድገሚ።

ስታነሳ ስለ ሥራ መብዛት እንዳታወሪ። ቀሚሱን መግዛት አልቻልኩም ነበር፣ ገንዘቤ ለእናቴ ሕክምና ወጥቶ ነበር፣ ልነግርሽ አፈርኩ በያት። ልትቆጣ ትችላለች። «ያለ ቀሚስ ብትመጪስ?» ልትል ትችላለች፣ እኔ እሷን ብሆን የምለው ይህንን ነው። ይሁን፣ ትቆጣ። ስሚያት። የሠርጓን ፎቶ ታሳይሽ እንደሆነም ጠይቂያት፣ እስካሁን አላየሽውም።

ደብተሩን ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትተዪው። ግን በዚህ ሳምንት አትክፈቺው። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ጽፈሽ ላኪልኝ ብልሽ ደስ ይለኛል። የቆርቆሮውንም ዋጋ ጻፊልኝ። እኔም ዘንድሮ ኩሽናዬን ላስጠግን ነው፣ አናጢው የነገረኝን አላመንኩትም።